ከሰባ አንድ ሠላሳ ስምንት ይበልጣል

እህቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ለሃያ ስምንት ዓመት ማመልከቻ ጽፋለች። በር ላይ ስል እውነትም በር ላይ ማለቴ ነው። ከጠረጴዛዋ እስከ ፍርድ ቤቱ የብረት በር አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ሥራ በጠፋባቸው ቀናት ቆጥሬዋለሁ። ጠረጴዛዋ የቆመው በኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ፣ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ ነው። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ እንስበዋለን፣ ሲያባራ ወደ ውጭ እንገፋዋለን። እሷ ትጽፋለች፤ እኔ አትማለሁ፣ አባዛለሁ፣ በስቴፕለር አያይዛለሁ። ከዚያ ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ በበሩ ይገባል፣ እኛ እዚያው እንቀራለን።

ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ለሰፈሩ ሁሉ «አንቀጽ» ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት የበሩ ጥበቃ ነው። እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ እሷ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን፣ «እዚህ ጠረጴዛ ማቆም ክልክል ነው» ቢላት ቀና እንኳ ሳትል «በየትኛው አንቀጽ?» አለችው። ሰውዬው ሄዶ አለቃውን ጠየቀ፣ አለቃውም አለቃውን ጠየቀ። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት፣ እሷ ሃያ ዓመታችን ነበር። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቅጽ ሞልታ፣ ጉርድ ፎቶ ተነስታ ጨርሳ ነበር። ቅጹን አላስገባችውም። የጽሕፈት መኪና ተማረች፣ ጠረጴዛ ገዛች፣ እኔን አስተማረች፣ ቆይቶም ሱቁን አስከፈተችኝ። ይህን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በታች የማወራውን ሁሉ የማወራው ይህን እያወቅኩ ነው።

ማመልከቻ አጻጻፏ የራሷ ነበር። እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ትሰካና ባለጉዳዩን ታስወራዋለች። አታቋርጥም። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀዋለች፤ «ከሁሉ በላይ ያንገበገበህ የቱ ነው?» መልሱን የመጀመሪያው መስመር ታደርገዋለች። አንቀጽ የጻፈችው ማመልከቻ ድንጋይ ያስለቅሳል ይባል ነበር። ድንጋዩን አላውቅም፣ ጥበቃውን ግን ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ።

አጣቢዋ የመጣችው እህቴ አርባ ሦስት ዓመት በሞላት ዓመት ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ግቢ ተከራይታ የሆቴል አንሶላና የሠራተኛ ቱታ እያጠበች የምትኖር ጠንካራ ሴት ናት። አንድ ጠዋት ሥራ ስትገባ ባለግቢው በሩን በሌላ ቁልፍ ዘግቶባታል። ሳፋዎቿም ገመዶቿም፣ የሰው አንሶላም ውስጥ ናቸው። እህቴ ክሱን ጻፈችላት። በሳሙና የተላጡትን ጣቶቿን ጻፈች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆመችበትን ዓመታት ጻፈች፣ አንሶላዬን አምጪ የሚሏትን ደንበኞች ጻፈች። አምስት ኮፒ ሳወጣ አምስቴ ዓይኔን ጠርጌያለሁ።

ክርክሩ የተሰማ ዕለት እህቴ ተከትላት ገብታ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የባለግቢው ጠበቃ «ባለሰዓቱ» የምንለው ሰው ነበር። በሰንሰለት የታሰረ የኪስ ሰዓት አለው፤ ሲናገር እያወጣ ያየዋል። የተናገረው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ነበር። ካበቃ ስምንት ወር ሆኖታል። ውል የሌለው ሰው ግቢ ሊጠይቅ አይችልም። ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ አጣቢዋ ዞረው «ለዚህ ምን ይላሉ?» አሏት።

አጣቢዋ ወረቀቷን ገለጠች። በእጇ ያለው ወረቀት ስለ ጣቶቿ እንጂ ስለ ስምንቱ ወር አንድ ቃል የለውም። ያኔ ነው እህቴ አጣቢዋ አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ ያየችው። ውሉ ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ የግቢው መዝጊያ ተበላሽቶ ነበር። ባለግቢው አዲስ አስገጠመና አንዱን ቁልፍ በገዛ እጁ ለአጣቢዋ ሰጣት። ውል የላትም የሚል ሰው ቁልፍ ለምን ይሰጣታል? አጣቢዋ ይህን ለእህቴ ማመልከቻ ስታስጽፍ ነግራታለች። እህቴ ግን የሚያስለቅስ ነገር ስላልነበረው ትታዋለች።

እጇን አወጣች።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉ ዳኛው።

«የማመልከቻው ጸሐፊ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ። ቁልፉ እኮ…»

«የማመልከቻ ጸሐፊ ሥራ በር ላይ ያበቃል። ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። አጣቢዋ ተረታች፣ ሳፋዎቿን በጋሪ ጭና ቤት ለቤት እየዞረች ማጠብ ጀመረች። እህቴ ለሁለት ሳምንት እንጀራዋን ስትበላም፣ ሱቅ ስትከፍትም የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «አንገቷ ላይ ነበር እኮ።» እኔም ላጽናናት ብዬ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» አልኳት። እንዲህ ያለ ማጽናናት ከኔ ሌላ ማንም አይችልበትም። እሷ ግን አልተቆጣችም። እስክሪብቶውን ከፀጉሯ መዘዘችና «ሕግ እማራለሁ። ያቺ ችሎት ውስጥ ቆሜ ሳልናገር አልሞትም» አለችኝ።

«በስንት ዓመትሽ፣ እትዬ?»

«ዕድሜዬን የሚጠይቅ ቅጽ ሲመጣልኝ እሞላዋለሁ።»

መንገዱ ሁለት ነበር። አንደኛው የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የማታ ክፍል ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል፣ በሳምንት አምስት ማታ ክፍል መቀመጥ አለ፣ መግቢያ ፈተናው በዓመት አንዴ ነው፣ ከሚፈተነው ሰው ብዙው ይወድቃል። ሁለተኛው የውጭ አገር ኮሌጅ ዲግሪ ነው። ሦስት ዓመት ብቻ፣ ያውም ቤት ሆኖ። መጽሐፉ በፖስታ ይመጣል፣ መልሱ በኢንተርኔት ይሄዳል፣ የመግቢያ ፈተና የለም። የኮሌጁ ወኪል ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ቢሮ ከፍቶ ነበር። በራሪ ወረቀቱን የማባዛለት እኔ ነኝ፤ ሽፋኑ ላይ ሐረግ የወረረው የድንጋይ ሕንፃ አለ።

እውነቱን ልናገር፤ ለውጭው የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ያገባኛል ያልኩት ስለ እሷ ብቻ አስቤ አይደለም። እሷ ማታ ማታ ከሄደች ከሰዓት በኋላ ያለው ሥራ ይሞታል፤ ማመልከቻ ከሌለ ኮፒ የለም። ደግሞ ያን የወርቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ማየት አማረኝ። ይህም ብቻ አይደለም። በራሪው መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። የዚህ ዲግሪ ባለቤቶች በአገራቸው ጥብቅና ለመቆም የአገራቸውን ሕግ እንደገና ተምረው እንዲፈተኑ ሊጠየቁ ይችላሉ ይላል። ሳባዛው አንብቤዋለሁ። አልነገርኳትም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግባት ዓይኑን ባጠፋሁት ነበር።

እሷ ሁለቱንም ጀመረች። «ጫማ እንኳ የሚገዛው ሁለት ተለክቶ ነው» ብላ ለውጭው ተመዘገበች፣ ለዚህኛውም መግቢያ ፈተና ተቀመጠች። የውጭው መጽሐፍ በካርቶን መጣ። መዝገበ ቃላት አጠገቧ አስቀምጣ፣ ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ታነባለች። ደስ ይላት ነበር፤ ስለ መርከብ ጭነትና ስለ ባላባት መሬት እያነበበች ለጥበቃው ትተርክለታለች። ጥበቃው መርከብ አይቶ አያውቅም፣ ግን አስተያየት አላጣም።

ሁለቱም ውጤቶች በአንድ ሳምንት ደረሱ። የውጭው የመጀመሪያ ጽሑፏ ሰባ አንድ አገኘ። ግርጌው ላይ «በጣም ጥሩ፤ ልብ የሚነካ ክርክር» የሚል አስተያየት አለ። አተምኩትና ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ተለጠፈ። እህቴ ሠላሳ ስምንት አግኝታ ወድቃለች።

ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይተወው ነበር። እሷ ግን የምታውቀውን አደረገች፤ የፈተና ወረቀቴ ይታየኝ ብላ ማመልከቻ ጻፈች። ማመልከቻው ደግሞ የእሷ ነውና ወረቀቱ በማግስቱ ወጣላት።

ጥያቄው ስለ ሁለት ጎረቤታሞች ነበር። አንደኛው አጥር ይሠራል፣ የሌላኛው መስኮት ይጨልማል፤ ጉዳዩን መርምር ይላል። እህቴ ምን ጻፈች መሰላችሁ? ከላይ «ለተከበረው የፈተና አራሚ» ብላ ጀመረች። ቀጥላ አመልካች፣ ቀጥላ ተጠሪ። ከዚያ መስኮቱ የጨለመበት ሰው ሻማ አብርቶ ልጆቹን ሲያስጠና አንድ ገጽ ተኩል ሞላች። ልጆች እንዳሉት ጥያቄው አይልም፣ እሷ ናት የወለደችለት። መጨረሻው ላይ «ስለዚህ አጥሩ ፈርሶ ፀሐዬ እንድትመለስልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብላ ፈርማለች። ሃያ ዓመት የጻፈ እጅ ሌላ አያውቅማ።

ከፊርማዋ ሥር አንድ ሰው በቀይ ቀለም፣ በተጣደፈ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብሏል። «አለቀስኩ። አጥር የሠራው ሰውዬስ ምን ይላል? እሱን የጠየቀው የለም።»

ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ይህን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበበችው አላውቅም። ሱቅ የተመለሰችው ልዘጋ ስል ነው። ቁጭ ሳትል «እዚሁ ነው የምማረው» አለችኝ።

«ወድቀሻል እኮ፣ እትዬ።»

«በሚመጣው ዓመት እፈተናለሁ።»

ደሜ ፈላ። የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም፤ ሱቁ በር ላይ የነበሩ ሁለት ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን ትተው ሄደዋል። ባጭሩ፣ ሰባ አንድ ያገኘ ሰው ወደ ሠላሳ ስምንት ሲሮጥ አይቼ አላውቅም አልኳት። ሦስት ዓመትን በስድስት ዓመት የሚለውጥ ነጋዴ ቢኖር አንድ አንቺ ነሽ አልኳት። የሚወድሽን ትተሽ የሚጥልሽን ታሳድጃለሽ አልኳት።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አታቋርጥም ብያለሁ።

«ባለሰዓቱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ነው የጣለኝ» አለች። «ሰባ አንድ የሰጠኝ ሰውዬ የምወድቅበትን ቦታ አላየም። ሠላሳ ስምንት የሰጠኝ ግን አንዴ አንብቦ አየው። እኔን ካየኝ ሰው ነው የምማረው።»

«ላም አለኝ በሰማይ ብለሽ እኮ ነው።»

«የሰማይዋ ላም ያችኛዋ ናት። ወተቷን ለማለብ እዚህ መጥቶ እንደገና መማር አለ። መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቁ ተጽፏል።»

«አንብበሽዋል?»

«አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬ ወረቀት ማንበብ ነው። አንቺም እንዳነበብሽው አውቃለሁ። ያን ገጽ ስትሰጪኝ በአውራ ጣትሽ ሸፍነሽ ነበር።»

ከዚህ በላይ ምንም አላለችኝም። እኔም ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ውጭው አላነሳሁም። የካርቶኑን መጻሕፍት ግን አልጣለቻቸውም፤ የኮፒ ማሽኑ አንዱ እግር አጥሮ ነበርና የመርከቡን ጭነት ከሥሩ አደረግንለት።

ቀጥሎ የመጣው ዓመት ከሁሉ የከበደ ነበር። እህቴ ለራሷ ሕግ አወጣች። ለባለጉዳይ አንድ ማመልከቻ በጻፈች ቁጥር ቁጭ ብላ የባላጋራውንም መልስ ትጽፋለች። ለማንም አይሰጥም፣ ለእጇ ነው። የተበላሸ ኮፒ እሰበስብላታለሁ፤ በጀርባው ትጽፋለች። መጀመሪያ ላይ አቃታት። የአከራይ መልስ ጀምራ ሦስተኛው መስመር ላይ አከራዩን ታስለቅሰዋለች። «ባለሰዓቱ ያለቅሳል እንዴ?» እላታለሁ። ትቀደዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። የምትጠይቀው ጥያቄም ተለወጠ። «ያንገበገበህ የቱ ነው?» ካለች በኋላ «እሱስ ሲጠየቅ ምን ይላል?» ትላለች። ብዙ ባለጉዳይ በዚህ ይቀየማል። አንዷ ሴትዮ «አንቺ የማን ወገን ነሽ?» ብላ ወረቀቷን ነጥቃ ሄዳለች። ለተወሰኑ ወራት ሰው ቀነሰብን፣ እኔም አላኮረፍኩም ብል እዋሻለሁ።

ነገሩን የገለበጠው የኔ ስህተት ነው። አናጢው የመጣው በሥራ ብዛት ቀን ነበር። ስድስት በር ሠርቶ ደንበኛው አልረከብም ብሎታል። እህቴ ክሱን ጻፈችለት፤ እንደ ልማዷም የደንበኛውን መልስ በተበላሸ ኮፒ ጀርባ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። እኔ በጥድፊያ ሁሉንም ሰብስቤ በስቴፕለር መታሁና ሰጠሁት። አናጢው አሥራ አራቱን እርምጃ ሳይጨርስ ተመለሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«እኔው አስጽፌ እኔኑ ትከሱኛላችሁ?» አለ።

ሦስተኛውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበልን። «በሮቹ ከልኩ ሁለት ጣት አጥረዋል። የተሠሩት ከእርጥብ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚያጥር አናጢ ካላወቀ ማን ያውቃል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እህቴ ግን ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ። ገጹን እንደገና፣ አሁን በልቡ አነበበው።

«ይሄን ሊል ነው?»

«ጠበቃ ከያዘ ይላል።»

አናጢው ጢሙን አሻሸ። «እንጨቱስ… እርጥብ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ክሱን አላስገባም። ሄዶ ለስድስቱም በሮች ጠርዝ ጨመረላቸው፣ ደንበኛውም ተረከበ፣ ነገሩ በሳምንት ሞተ። ከዚያ አናጢው አንድ ቀን መሣሪያውን ይዞ መጣና ለእህቴ ጠረጴዛ ሁለት መሳቢያ ገጠመለት። «ቀኙ ለኔ፣ ግራው ለጠላቴ» አለ። ወሬ ደግሞ ከአናጢ አፍ ሲወጣ ቶሎ ይደርሳል። ወር ሳይሞላ ሰው መጥቶ «የሁለት ወገን ጻፊልኝ» ማለት ጀመረ። ግማሹ የጠላቱን ወረቀት አንብቦ ሳይከስ ይታረቃል። ግማሹ ደግሞ የሚመጣበትን አውቆ ይገባል። የበሩ ጥበቃ «ይቺ ሴትዮ ዳኞቹን ሥራ ልታስፈታ ነው» ይል ነበር።

በዓመቱ ፈተና ተቀመጠች። በዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ወጣች። ስሟን በጣቴ ነክቼ አረጋገጥኩ፣ ከዚያ ሳላስበው ከፍ ባለ ድምፅ «እትዬ አልፋለች» አልኩ። አጠገቤ የነበሩት ልጆች እናቴ መስላቸው እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። አላረምኳቸውም።

የመጀመሪያው የክፍል ማታ አንድ ባለነጭ ፀጉር፣ ባለቀይ እስክሪብቶ መምህር ገብተው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ «የአጥሯ ሴትዮ የታለች?» አሉ። እጇን አወጣች። መምህሩ ለረጅም ጊዜ አዩአትና «ሰውዬውን ጠየቅሽው?» አሏት። «ጠየቅኩት» አለች። «ምን አለ?» «ሌባ አስቸግሮት ነው።» መምህሩ ሳቁና ማስተማር ጀመሩ።

አምስቱ ዓመት እንደ ወራጅ ውሃ አለፈ ብዬ አላታልላችሁም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ማታ የመጨረሻውን ዙር በዩኒቨርሲቲው በር እንዲያልፍ መስመሩን ለምኖ ያስቀየረ ሰው ነው። እሷ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣ እያነበበች ትመጣለች። በአንዱ ዓመት በሳንባ ምች ለሳምንታት ተኝታ ትምህርቱን በድምፅ ቅጂ ተከታተለች። የክፍሏ ልጆች ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ መጀመሪያ «እትዬ» እያሉ ወንበር ይለቁላት ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ማስታወሻዋን ሊገለብጡ ይሰለፉ ጀመር። ማባዛቱ የኔ ነው። እኔም ሳባዛ ሳባዛ ሳላውቀው ግማሽ ጠበቃ ሆንኩ።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት የጥብቅና ፈቃዷን ተቀበለች። በዚያው ወር አጣቢዋ መጣች።

አጣቢዋ በመሀል ሌላ ግቢ ተከራይታ ተደላድላ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፣ ሞቱ። ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ሲል ልጆቻቸው በሩን ዘጉባት። ሳፋዎቿ ዳግመኛ ውስጥ ቀሩ። ልጆቹ ያቆሙት ጠበቃ ማን ነው ብትሉ፣ ባለሰዓቱ።

እህቴ አጣቢዋን አስቀምጣ አስወራቻት። ያንገበገባትን ጠየቀች፣ እነሱ ምን እንደሚሉም ጠየቀች። ከዚያ «ቦርሳሽን ገልብጪው» አለቻት። አጣቢዋ በመጀመሪያው ክስ ከተረታች ወዲህ እህቴ አንድ ነገር መክራት ነበር፤ ማንም የሰጠሽን ነገር አትጣይ ብላ። አጣቢዋም አልጣለችም። ጠረጴዛው ላይ የተበጠሰ አዝራር፣ የተቀደደ ኪስ፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ብጥስጣሽ ወረቀት ፈሰሰ። እህቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዷን ለብቻ አስቀመጠች። ከዚያ ሁለት ወረቀት ጻፈች፤ አንዱን በቀኙ መሳቢያ፣ አንዱን በግራው ከተተች።

ክርክሩ ዕለት ሱቄን ዘጋሁ። የግራውን መሳቢያ ወረቀት ኮፒ ይዤ ከኋላ አግዳሚ ላይ፣ እሷ ያን ጊዜ በተቀመጠችበት ቦታ ተቀመጥኩ። ዳኛው ያው ሰውዬ ናቸው፣ ፀጉራቸው ብቻ ሸብቷል።

«ለከሳሽ ማን ቀረበ?»

እህቴ ተነሳች። «ጠበቃዋ ቀርቤያለሁ፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩአት። «የት ነው የማውቅዎት?»

«በር ላይ ነበርኩ።»

ዳኛው ጻፉ።

ባለሰዓቱ ተነሳ። ሰዓቱን አወጣ። «ውሉ የተፈረመው ከሟች ጋር ነው» አለ። ጣቴን ወረቀቴ ላይ አደረግኩ፤ አንደኛው መስመር «ውሉ የተፈረመው ከሟች ጋር ነው» ይላል። «ወራሾቹ አልፈረሙም» አለ። ሁለተኛው መስመር። «መኖሯንም አልፈቀዱም» አለ። ሦስተኛው። ከዚያ ቆመ፣ ሰዓቱን አየ፣ የሚለው የጠፋው መሰለ። አራተኛው መስመር ላይ ያለችው «ያወቁት በቅርቡ ነው» የምትል ናት። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ ሹክ ልለው ምንም አልቀረኝም። «ያወቁትም በቅርቡ ነው» አለ ራሱ፣ ተቀመጠም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እህቴ ስለ ጣት አልተናገረችም። ስለ ቀዝቃዛ ውሃም አልተናገረችም። አንዲት የሽንብራ ቂጣ የምታህል ቁራጭ ወረቀት አቀረበች። ሽማግሌው ከሞቱ ከአራት ወር በኋላ የበኩር ልጃቸው ከሚታጠብ ሸሚዝ ጋር ለአጣቢዋ የላከው ነው፤ ቀንና ፊርማ አለው። ዳኛው አነበቡት። «ገመዱን ወደ ጓሮ ግድግዳ አዙሪው፣ ለመኪናዬ መቆሚያ እንዲኖረኝ። ሌላው እንዳለ ይቀጥል።»

«ወራሾቹ በቅርቡ ነው ያወቁት ተብሏል» አለች እህቴ። «ገመዱ የት እንደሚታሰር ያዘዙት ግን በሩን ከመዝጋታቸው ከሰባት ወር በፊት ነው። ሸሚዛቸውንም እዚያው ግቢ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሲያሳጥቡ ቆይተዋል። እንዳለ ይቀጥል ብለው የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ የምንጠይቀው እንደጻፉት እንዲሆን ነው።»

ዳኛው ወደ ባለሰዓቱ ዞሩ። «ለዚህ ምን ይላሉ?»

ይህን ጥያቄ ከሰባት ዓመት በፊት በዚሁ ቤት ሲጠየቅ አልሰማሁትም፤ በወሬ ብቻ ነው የማውቀው። አሁን በጆሮዬ ሰማሁት። ባለሰዓቱ ወረቀቶቹን አገላበጠ። ሰዓቱን አወጣ፣ አየው፣ መለሰው። እኔም ወረቀቴን አየሁ፤ ለዚህ የተጻፈ መልስ እዚያም የለም።

ውሳኔው በቀጠሮ ተነበበ። ግቢው ተከፈተ፣ አጣቢዋ ሳፋዎቿ ዘንድ ገባች። ያን ቀን እህቴ ከችሎት ስትወጣ አጣቢዋ አንገቷን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም፤ ያ የማይከፍት አሮጌ ቁልፍ በመሀላቸው ነበር። ጥበቃው ከወንበሩ ተነሳላት። በሃያ ስምንት ዓመት እንደዚህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። እሷ ግን «ምነው ተነሳህ፣ በየትኛው አንቀጽ?» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ጠረጴዛዋን ከልማድ የተነሳ ወደ ውጭ ገፋሁት። አንዲት ሴት በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት ይዛ መጣች፣ ባዶውን ወንበር አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ማመልከቻ የምትጽፈዋ ሴትዮ የለችም?»

በአሥራ አራቱ እርምጃ ማዶ ያለውን የብረት በር አሳየኋት።

«ውስጥ ናት» አልኳት።